ተወካያችን በምክር ቤት ስለ መንገዳችን ተናገሩ፤ ታዲያ መንገዱ ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ መንዝ ውስጥ መምህር ነኝ። ሰሞኑን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ሲከራከር በቴሌቪዥን ተከታተልኩ። የእኛ ተወካይ ተነስተው ከወረዳችን ከተማ ወደ ዋናው አስፋልት የሚያወጣው መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚቆረጥ ተናገሩ። ሻይ ቤት የተሰበሰብነው ሁሉ ደስ አለን። የመንግሥት ኃላፊው ‹ጥናቱ እየታየ ነው፤ የበጀት አቅም ሲፈቅድ ይሠራል› ብለው መለሱ። ይህ መልስ ምን ማለት ነው? ምክር ቤቱ ‹ሥሩ› ብሎ ማዘዝ አይችልም? ቁጭ ብለን ከመጠበቅ ሌላስ ምን ማድረግ እንችላለን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንገድ ጥናትና በፕሮጀክት በጀት ላይ ነው። ያ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን የማውቀውን ልንገርህ።

ያየኸው ንግግር ብቻውን መንገድ አያሠራም። መንገድ የሚሠራው በበጀት ሰነድ ውስጥ የራሱ ስምና የራሱ ገንዘብ ያለው መስመር ሲያገኝ ነው። ያ መስመር የሚወሰነው ደግሞ የምክር ቤቱ ክርክር በቴሌቪዥን ከመታየቱ ከወራት በፊት ነው። ከዚያም በፊት ጥናቱ ማለቅ አለበት። የተወካያችሁ ንግግር ጥቅም የሚኖረው ከዚህ ሰንሰለት ጋር ከተያያዘ ነው። ካልተያያዘ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ንግግር ደግመህ ትሰማዋለህ።

መጀመሪያ የኃላፊውን መልስ እንፍታው። «የበጀት አቅም ሲፈቅድ» ሲባል በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ መስመር የለውም ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። «ጥናቱ እየታየ ነው» የሚለው ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ይሆናል። የአዋጭነት ጥናቱ፣ ማለትም የመንገዱን ጥቅም ከወጪው ጋር የሚመዝነው ጥናት፣ ተጀምሮ ይሆናል። ዝርዝር ዲዛይኑ አልቆ መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ወይም ለጨረታ ተዘጋጅቶ ገንዘብ ብቻ እየጠበቀ ይሆናል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የዓመታት ልዩነት አለ። ስለዚህ ተወካያችሁ ተከትለው መጠየቅ የነበረባቸው «የትኛው ደረጃ ላይ ነው? የሚቀጥለው ደረጃስ በየትኛው ወር ያልቃል?» ብለው ነበር። እንዲህ ሲጠየቅ «እየታየ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ሁለተኛው ነገር የመንገዱ ባለቤት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። በተግባር የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚያልፉ ብዙ መንገዶችንም ይሠራል። የቀሩት የክልሉ የገጠር መንገድ ወይም የወረዳው ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ከአገሪቱ ዋና መንገዶች አንዱ ስለሆነ ባለቤቱ አያከራክርም። የእናንተ ግን መጣራት አለበት። በክልሉ መዝገብ ያለ መንገድ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ መጮህ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው፤ ጥያቄው ባሕር ዳር መሄድ አለበት። መንገዱ ማዶ ተሻግሮ ሌላ ክልል የሚደርስ ከሆነ ግን ጥሩ ክርክር በእጃችሁ አለ። ያኔ የማዶዎቹ ተወካዮችም አብረው ይቆማሉ። የምክር ቤት አባል በሕገ መንግሥቱ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ የጎረቤትን መንገድ ማንሳት ከሥራው አይወጣም።

«ማዘዝ አይችልም?» ላልከው፣ ምክር ቤቱ ትልቅ ሥልጣን አለው። የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። በአንቀጽ 55 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል። የበጀቱ ረቂቅ የሚመነጨው ግን ከመንግሥት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ያዘጋጃል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ተወካዮች ይላካል። አንድ አባል ተነስቶ «ለመንዝ መንገድ ይህን ያህል ብር ጨምሩ» ቢል የበጀት መስመር አይወለድም። ረቂቁም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ነው የሚጸድቀው። እውነቱን ልንገርህና ይህ ያሳዝነኛል። ምክር ቤቱ ካለው ሥልጣን ሲጠቀም የማየው ጥቂቱን ነው።

የጠነከረው ሥራ የሚሠራው በትልቁ አዳራሽ ሳይሆን በቋሚ ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመንገዶች አስተዳደርን ጠርቶ ዕቅዱንና የአፈጻጸም ሪፖርቱን ይገመግማል። ወርዶ መስክ ያያል። የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ረቂቅ በጀቱን ይመረምራል። እዚያ ክፍል ውስጥ የተነሳ ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይም መልስ ይፈለግለታል። ካሜራ ላይ የአምስት ደቂቃ ንግግር ከማድረግ ይልቅ ተወካያችሁ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘው ወደ እነዚህ ኮሚቴዎች ቢገቡ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መንገዶች ለበጀት ሰልፍ ሲይዙ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የሚቆመው ለምንድን ነው? ፖለቲካ የለበትም አልልህም፣ አለበት። ግን ከፖለቲካው በፊት አንድ ስሌት አለ። አጥኚዎች መንገዱ ላይ ቆመው ተሽከርካሪ ይቆጥራሉ፤ ብዙ ጊዜ ለሰባት ቀን። ስንት አይሱዙ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት አውቶቡስ አለፈ ይላሉ። መንገዱ ቢሻሻል እነዚህ መኪኖች ምን ያህል ነዳጅ፣ ጎማና ሰዓት ይቆጥባሉ ብለው ያሰላሉ። ቁጠባው ከግንባታው ወጪ ጋር ይመዛዘናል። የሚያስገኘው ጥቅም ዝቅ ካለ መንገዱ ወደ ሰልፉ ጭራ ይሄዳል።

ችግሩን አየኸው? የእናንተ መንገድ ላይ መኪና ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነው ሰው መሄድ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ መንገዱ መኪና ስለሚሰብር ነው። ስለዚህ መኪና የለም ተብሎ መንገድ ይከለከላል፣ መንገድ የለም ተብሎ መኪና ይቀራል። ይህን አዙሪት በሙያዬ ዘመን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ያናድደኛል። በቆጠራው ቅጽ ላይ በአህያ የሚጫን ገብስ የለም። በጎቹን እየነዳ ግማሽ ቀን ተጉዞ ገበያ የሚደርስ ገበሬ የለም። በቃሬዛ ተይዛ አስፋልት ድረስ የምትወርድ ወላድ የለችም። እነዚህ ሁሉ መንገዱ ሲሠራ ወደ መኪና የሚዞሩ ጉዞዎች ናቸው።

ይህ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። ደኅና የአዋጭነት ጥናት መንገዱ ከተሠራ በኋላ አዲስ የሚፈጠረውን እንቅስቃሴም ይገምታል። የምርት መረጃ ካገኘ ያንን ያስገባል። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት መድረስንም በተጨማሪ መመዘኛነት ያያል። አጥኚው ግን መረጃውን ከየት ያመጣል? ለጥቂት ቀን መጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። መረጃው ከእናንተ ካልመጣ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በገበያ ቀን ስንት ጭነት አህያ ገባ? አንድ ሙክት እናንተ ገበያ ስንት ይሸጣል፣ ደብረ ብርሃን ሲደርስስ ስንት? መንገዱ ባለፈው ክረምት ስንት ቀን ተዘጋ? መምህራንና ጤና ባለሙያዎች በመንገድ ምክንያት ስንቶቹ ለቀው ሄዱ? እነዚህን ቁጥሮች ከወረዳው ግብርና፣ ከጤና ጣቢያውና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ሆናችሁ ብታጠናቅሩ ማንም የማይገፋው ሰነድ ይሆናል። አንተ መምህር ነህ፤ ተማሪዎችህ ቆጠራውን በሚገባ ይሠሩታል።

ወጪውም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰሜን ሸዋ ለመንገድ መሐንዲስ ከባድ አገር ነው። ጅሩን ተመልከት። ያ ስንዴና ጤፍ የሚያበቅለው መረሬ የሚባል ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እላዩ ላይ ዝም ብለህ አስፋልት ብታነጥፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቆራረጣል። መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት አለበት፤ ይህ ገንዘብ ነው። መንዝ ደግሞ ገደልና ቁልቁለት ነው። የድጋፍ ግንብ፣ ቦይና ድልድይ ይበዛል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ተራራውን በዋሻ የበሳው አማራጭ አጥቶ ነው። የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ እዚህና ሜዳ ላይ አንድ አይሆንም። «ለእነሱ በዚህ ዋጋ ተሠራላቸው፣ ለእኛ ለምን?» የሚለው ክርክር አጥኚ ፊት አይቆምም። «ወጪው ይከብዳል፣ ግን ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ሌላ መውጫ ታስሯል» የሚለው ይቆማል።

መንገድ ሲሄድና ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረች ጊዜ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር የሚመጣ ሸቀጥ የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ንግዱ መስመሩን ቀየረ፣ አልዩ አምባም በዚያው ደበዘዘች። ዛሬ በተቃራኒው ደብረ ብርሃንን እይ። ዋናው መንገድ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ፋብሪካው ወደ እሷ ይጎርፋል። የለሚው ሲሚንቶ ፋብሪካ እንሳሮ ላይ በ2017 ተመርቋል። ደስ ይለኛል። ግን ፋብሪካው ያለ መንገድ እንደማይመጣ ሁሉ፣ መንገዱም ፋብሪካ ያለበትን ብቻ እየተከተለ ከሄደ መንዝና ግሼ መቼም አይደርሳቸውም። በምክር ቤቱ ውስጥ በደንብ ሲሟገቱበት ማየት የምፈልገው ጉዳይ ይህ ነው።

ስለ ገንዘቡም ቁጥር ልስጥህ። ለ2017 መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለካፒታል ማለትም መንገድና ግድብ ለመሳሰሉት ግንባታዎች የተያዘው 283.2 ቢሊዮን ነው። ከመቶ ብር 29 ብር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ለ2018 የጸደቀው ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲሆን ለካፒታል የተያዘው 415 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከመቶ ብር ወደ 22 ብር ወረደ ማለት ነው። ጠቅላላው ቁጥር አድጓል፣ የግንባታው ድርሻ ግን አንሷል። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ሬንጅ፣ መለዋወጫና ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ «በጀቱ በእጥፍ አደገ» የሚል ዜና ስትሰማ መንገዱም በእጥፍ ይጨምራል ብለህ አትጠብቅ። ያለው ገንዘብ ቀድሞ የሚሄደው ለተጀመሩት ፕሮጀክቶች ነው፤ አዲስ የሚገባው ጥቂት ነው።

መስመሩ ከተገኘ በኋላም አላለቀም። የራሴን ላጫውትህ። በአንድ ቆላማ ወረዳ ውስጥ የአማካሪ ድርጅት መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጀቱ አለ፣ ውሉ ተፈርሟል፣ ተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ወስዶ ማሽን አስገብቷል። የገበሬዎቹ ካሣ ግን አልተከፈለም። ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ «ገንዘቤን ሳላይ አትገቡም» አለ። ልክ ነበር። ማሽኑ ከስምንት ወር በላይ ቆመ። ተቋራጩ ለቆመበት ጊዜ ክፍያ ጠየቀ፣ ተከፈለውም። ለገበሬዎቹ ካሣ ይበቃ የነበረ ገንዘብ ለቆመ ማሽን ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል። በሪፖርት ላይ «የወሰን ማስከበር ችግር» ተብሎ በሁለት ቃል የሚታለፈው ይህ ነው። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺው ካሣውን አስቀድሞ እንዲያገኝ ያዛል። እናንተም ተራው ሲደርሳችሁ ግምቱና ክፍያው ከማሽኑ በፊት እንዲያልቅ ወረዳውን መወትወት አለባችሁ። የጸጥታው ችግርም በአካባቢያችን ሥራ አቁሟል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግን የቆመ ሥራ ሁሉ በጸጥታ ምክንያት አልቆመም።

ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ሐዲድ ታውቀዋለህ። ከአዋሽ ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በ2007 የተጀመረ ፕሮጀክት ነው። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ዋሻው ተቆፈረ፣ ጣቢያው ተሠራ። ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን በጊዜው አልደረሰለትም። ያን ያህል ብድር የወጣበት ሐዲድ ባቡር ሳያይ ዓመታት ቆየ። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ጉዳት አደረሰበት። ሐዲዱ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መብራቱ በሌላ ተይዞ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ሐዲዱ ሲያልቅ መብራቱ ይደርሳል ወይ? ይህን ጥያቄ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በሰዓቱ አጥብቆ መጠየቅ የምክር ቤት ሥራ ነው። የዋናው ኦዲተር ሪፖርት የሚቀርበውም ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ግን ኦዲት የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ከቀን መቁጠሪያው እንጀምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን «ፍላጎታችሁን አቅርቡ» የሚለው በክረምት ሳይሆን በጋው አጋማሽ ላይ ነው፤ ጥያቄዎቹም በመጋቢት ገደማ ተጠቃልለው ይገባሉ። ሰኔ ላይ ረቂቁ ምክር ቤት ሲደርስ ነገሩ አልቋል። የእኛ ሰው አቤቱታ የሚጽፈው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲቆረጥ። ያኔ በጀቱ ጸድቆ ታሽጓል። ሰነዳችሁ እስከ ታኅሣሥ ማለቅ አለበት። ተወካዮች በዓመቱ መካከል የአንድ ወር ዕረፍት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ የካቲት ላይ ነው። ወደ መራጩ ሲወርዱ በደንብ ተሰብስባችሁ፣ ሰነዱን በእጃቸው አስጨብጧቸው።

ስብሰባው ላይ ሃምሳ ጥያቄ አታቅርቡ። መንገዱ ብቻ ይሁን። መብራቱም ውኃውም ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ስታነሱ ግን ኃላፊው ቀላሏን መርጦ መልሶላችሁ ይሄዳል። ስለሚነካችሁ ፕሮጀክት ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 መብት ሰጥቷችኋል፤ ስለዚህ ልመና አይደለም። መንዝ ጓሳን ያህል ሰፊ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ፣ አለቃ መርጦ፣ የሚታጨድበትን ጊዜ ወስኖ የጠበቀ ሕዝብ ነው። አምስት ሰው መርጦ አንድ መንገድ መከታተል አያቅተውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አስፋልቱ እስኪመጣ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ግን መንገዱ ሁሉ አይቆረጥም። የሚቆረጠው ሦስት አራት ቦታ ላይ ነው። ውኃ የሚሻገርበት አንድ ቦታ፣ ዳገቱ የሚንሸራተትበት፣ ቦይ ተደፍኖ ጎርፍ መሐል ላይ የሚሄድበት። እነዚህን ቦታዎች በስም ለዩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በክረምትም በበጋም። ቱቦ መቅበር፣ ቦይ መክፈት፣ ገረጋንቲ ማልበስ የሚሊዮን እንጂ የቢሊዮን ሥራ አይደለም። ይህን የክልሉ የገጠር መንገድና ወረዳው በጥገና በጀት ሊሠሩት ይችላሉ። ከ1989 ጀምሮ ነዳጅ ላይ ከሚቆረጥ ገንዘብ የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ አለ፤ ዓላማው ጥገና ነው። ዞኑን ስትጠይቁ «ከመንገድ ፈንድ ለእኛ ወረዳ በዚህ ዓመት ምን ተመደበ?» በሉ። በቁጥር ይመልሱላችሁ።

ቆጠራውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጀምሩ። ከንጋት እስከ ምሽት፣ መኪናውንም አህያውንም እግረኛውንም ለየብቻ። ሰባት ቀን ሲሞላ ወረቀቱን ላክልኝ፤ የአጥኚዎቹን ቅጽ አስመስዬ አዘጋጅቼ እመልስልሃለሁ።